ተኳሹና የሚያወራው ውሃ

ተኳሽ ሲባል ጠመንጃ ትዝ የሚለው ሰው አይጠፋም። ይህ ተኳሽ ግን በዕድሜው ከካውያ በቀር ምንም ጨብጦ አያውቅም። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለ ላውንደሪ ቤት ገና ጢሙ ሳይበቅል ገብቶ ሸሚዝ ሲተኩስ ነው ቅጽል ስሙ የወጣለት። ጠዋት ከበር ሲገባ የሥራ ባልደረቦቹ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ "አትተኩስብን፣ እጅ ሰጥተናል!" ይሉታል። የሱም መልስ የታወቀ ነው፤ "አትፍሩ፣ ሳላርስ አልተኩስም።"

እጁ የተባረከ ነበር። ሸሚዝ ሲይዝ ከኮሌታው ይጀምራል፤ ካውያውን ከጫፍ ወደ መሐል እንጂ ከመሐል ወደ ጫፍ አይነዳም፣ አለዚያ ጨርቁ ጫፉ ላይ ይጨማደዳል። ቀጥሎ የእጅጌው አፍ፣ ከዚያ ትከሻው፣ በመጨረሻ ሰፊው ጀርባ። የሱሪ ፒጋ ሲያወጣ ደግሞ የላውንደሪው ባለቤት፣ "ዝንብ እንዳታርፍበት ጠብቅ፣ እግሯ ይቆረጣል" እያሉ ይቀልዱበታል። ባለቤቷን ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ባላቸው ከሞተ በኋላ ቤቱን ብቻቸውን የያዙ፣ ድምፃቸው ከማሽኖቹ በላይ የሚሰማ ሴት ናቸው። "የኔን እሱ ይተኩሰው" የሚል ደንበኛ ሲበዛ ሌሎቹ ሠራተኞች ቢቀኑበትም አይጠሉትም ነበር። ሳቂታ ነው፤ ሰው አያስቀይምም።

የተኳሹና የቤተሰቡ ቤት ከላውንደሪው የአንድ አውቶቡስ መንገድ ነው። ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ የጓሮ ክፍል፣ ከሷ አጠገብ ደግሞ ወለሏ ሲሚንቶ የሆነ መታጠቢያ ቤት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ቤቱ የሦስት ሰው ነው፤ የተኳሹ፣ መናኸሪያው መስኮት ላይ ትኬት የምትቆርጠው ታላቅ እህቱና ጡረታ የወጡት አባታቸው። አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ባለ ተሳቢ መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ሞተሩን ለመብለጥ የለመዱት ጩኸት ቤት ውስጥም አልለቀቃቸውም። "ጨው አቀብሉኝ" ሲሉ ጎረቤት ጨው ይዞ ሊመጣ ምንም አይቀረው።

ነገሩ የጀመረው በእንፋሎቱ ነው። ካውያው ሽሽሽ ሲል በውስጡ አንድ ሰው ስሙን የጠራው መሰለው። "አቤት?" ብሎ ዞረ። "ማን ጠራህ?" አሉና ሳቁበት፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ውሎ ሲያድር ጥሪው ወሬ ሆነ፣ ወሬው ደግሞ ትእዛዝ። ምሳ ሰዓት ላይ ለብቻው መቀመጥ አመጣ። የደንበኛ ኮሌታ እየገለበጠ ያሸትና፣ "ይሄ ሰውዬ እኔን ነው የሚከታተለው" ይላል። እትዬ፣ "ድካም ነው፣ ቤትህ ገብተህ ትንሽ ተኛ" አሉት። ተኝቶ ተመለሰ፤ ግን ብሶበት ነበር።

አንድ ጠዋት የሙሽራ ሙሉ ልብስ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ካውያውን ሱሪው ላይ አሳረፈና አላነሳውም። ጭሱ ተነሣ። "ኧረ አንሳው! ተቃጠለ እኮ!" እያሉ ሲጮሁበት ፊቱ እንኳ አልተለወጠም።

"አታንሳው ብለውኛል" አለ በቀስታ።

አንዱ ሮጦ ገመዱን ነቀለው። ያን ጊዜ ተኳሹ ካውያውን ገለበጠና የግራ መዳፉን የጋለው ብረት ላይ ጫነ። በኋላ ሲጠይቁት፣ "የምር መሆኑን ልየው ብዬ ነው" ነበር ያለው። የተቃጠለ ሱፍና የተቃጠለ ሥጋ አንድ ላይ ሸተተ። እትዬ እጁን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልለው ራሳቸው ሆስፒታል ወሰዱት።

ሐኪሙ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው አላቸው። አባትየው ቃሉን ሊሉት ሞክረው ሞክረው ምላሳቸው እምቢ ሲላቸው፣ "ዶክተር፣ ሰውን የሚገድለው በሽታው ነው ወይስ ስሙ?" አሉ። ሐኪሙ አልሳቀም። እሳቸውም ለቀልድ ብለው አልነበረም።

መድኃኒቱ ድምፆቹን ዝቅ አደረገለት፤ ከጩኸት ወደ ሹክሹክታ አወረዳቸው። እሱን ግን ከተቀመጠበት አላነሳውም። የጓሮዋ ክፍል ውስጥ ገባ፣ መስኮቷን በጋዜጣ ሸፈነ፣ ዓመታት በላዩ ላይ አለፉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ካቀረቡለት ይበላል፤ ካላቀረቡለት ራበኝ አይልም። "እንዴት አደርክ?" ቢሉት ከንፈሩ ይንቀሳቀስ እንደሆነ እንጂ ድምፁ አይወጣም። ከሁሉ የባሰው አለመታጠቡ ነበር። የሰው ኮሌታ ሲያሳምር የኖረ ልጅ የራሱ ኮሌታ እንደ ቆዳ ደርቆ አንገቱን አቆሰለው። ሽታው በበሩ ሥር እየሾለከ ቤቱን ያዘው።

አባትየው በሩ ላይ ቆመው ይጮሃሉ። "ውሃ ነው እኮ! አሲድ መሰለህ? ሁለት እግር አለህ፣ አንድ ደህና እጅ አለህ፤ የጠፋው ወኔህ ነው! ሰነፍ!"

"አባዬ፣ በቃ ተወው" ትላለች እህቱ። እሷም ግን ሥራ ውላ ስትገባ አንዳንድ ቀን አትችልም። "ምን በደልኩህ? አንዴ ብትታጠብልኝ ምን አለበት?" ብላ ትጮህበትና መልሳ እሷው ታለቅሳለች። እጮኛ ነበራት፣ የአውቶቡስ ሾፌር። አንድ ቀን ቤታቸው መጥቶ ተቀመጠ፣ ሽታው ደረሰው፣ ከጓሮ የሚመጣውን ማጉረምረም ሰማ። ሲወጣ፣ "ወንድምሽ እስኪሻለው እንጠብቅ" አላት። እሱ የጠበቀው ሌላ አግብቶ ነው።

አንዴ በጉልበት ሊያጥቡት ሞከሩ። አባትየውና አንድ ጎረቤት ብብቱ ሥር ገብተው እየጎተቱ መታጠቢያ ቤት አስገቡት፤ እህቱ ቧንቧውን ከፈተች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰፈሩ ሰምቶ አያውቅም። የአባቱን ክንድ ነክሶ አደማና አመለጠ፤ ከዚያ በኋላ በሩን ከውስጥ በአልጋው ይደግፈው ጀመር። "እብዱ አባቱን ሊበላው ነው" ተባለ በሰፈር።

እህቱ መድኃኒት ልትቀበል ክሊኒክ የሄደች ጊዜ ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ነገረችው። "ክኒን ድምፅ ያስታግሳል እንጂ ከአልጋ አያስነሳም" አላት። "ማስነሳት ሌላ ሥራ ነው። እሱን የሚሠሩ ሰዎች አሉን፤ ቤት ድረስ ይመጣሉ።"

የመጣችው ነርስ ነበረች። ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት፤ ወፍራም፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፣ ደረጃ ስትወጣ የምታለከልክ ሴት። የመጀመሪያ ቀን በሩን አንኳኩታ፣ "አልገባም፣ እዚሁ ልቀመጥ" አለችና ከደጅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስለ ጫማዋ መጥበብ አወራች፣ ስለ አውቶቡሱ ግፊያ አወራች፣ ሄደች። ደግማ መጣች፤ ያው። አባትየው ትዕግሥታቸው አለቀ።

"ልጄ፣ ሥራሽ ይሄ ነው? ከበር ጋር ማውራት?"

"አባባ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለቻቸው።

"እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኔ እሞታለሁ!"

ሳቀች። አጠገቧ አስቀምጣቸው፣ በዝግታ፣ እንዴት መናገር እንዳለባቸው ነገረቻቸው። ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። ስድብ የለም። ያላደረገውን ከመቁጠር ያደረገውን ማየት። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ጩኸትና ወቀሳ ሲበዛበት ቶሎ እንደሚያገረሽበት አስረዳቻቸው። "እኔ ከልጄ ጋር መነጋገር ከሰው ልማር?" አሉ። ተቆጡ፤ ግን አልተነሡም።

ከብዙ ምልልስ በኋላ አንድ ከሰዓት በሩ ተከፈተ። ሲስተር አልጋው ማዶ ተቀመጠች። አባትየው ከውጭ፣ ከግድግዳው ጋር ተለጥፈው ይሰሙ ነበር።

"ታጠብ ልልህ አልመጣሁም" አለችው። "አንድ ነገር ብቻ ልወቅ። ቧንቧው ሲከፈት ምን ይሆናል?"

በጋዜጣ ወደተሸፈነችው መስኮት ዞሮ፣ "ያወራል" አለ።

"ማን?"

"ውሃው። መጀመሪያ ካውያው ነበር። አሁን ውሃው ነው። ሲፈስ ያወራል።"

"ምን ይላል?"

የተቃጠለ መዳፉን በሌላው እጁ ሸፈነ። "ከታጠብክ አባትህ ይሞታል፣ የምትገድለው አንተ ነህ ይላል።"

ከውጭ አንድ ነገር ግድግዳውን ታክኮ ወደ ታች የሚንሸራተት ድምፅ ተሰማ። አባትየው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሰነፍ ያሉት፣ ቆሻሻ ያሉት ልጅ፣ የሸተተው እሳቸው እንዳይሞቱ ብሎ ነበር። ሲስተር ስትወጣ፣ "ምን ላድርግ?" አሏት፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሥራው የተጀመረው ከዚያ ነው። ቧንቧ ቀረ፣ የሚፈስ ውሃ ቀረ። ባልዲ ሞልተው ቀድመው ያስቀምጡለታል፣ ጨርቅ ነክሮ ይጨምቃል፤ የረጋ ውሃ ብዙ አያወራም። መጀመሪያ ፊቱን ብቻ። ሲለምደው እጁን እስከ ክርኑ። አንገቱ ላይ ሲደርስ ቁስሉ ስለሚያቃጥለው ተመልሶ ቆመ፤ አላስገደዱትም። እህቱ ንጹሕ ሸሚዝ አልጋው ላይ ትዘረጋና ትወጣለች። አንዳንድ ቀን ሁሉም ይሳካል፣ አንዳንድ ቀን ምንም የለም፣ አንዳንድ ቀን ባልዲው ተገልብጦ እሱ ጥግ ይዞ ይገኛል። ሲስተር፣ "ትናንት አንገትህ ደርሰህ ነበር፤ አንገትህ የትም አይሄድም፣ ይጠብቅሃል" ትለዋለች።

የአባቱን መሞት ፍርሃት ግን ጨርቅና ባልዲ አላስለቀቀውም። ለዚያ መላ ያመጡት ራሳቸው አባትየው ናቸው። በርጩማ አምጥተው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ ተቀመጡ። "እኔ እዚህ ሆኜ አወራለሁ" አሉት። "ድምፄን እስከሰማህ ድረስ አልሞትኩም።"

ለምን እንደተፈጠረ ያልታወቀው ያ ጉሮሮ በመጨረሻ ሥራ አገኘ። የነዱበትን መንገድ ሁሉ ያወሩለት ጀመር፤ ጭቃ የዋጠውን ጎማ፣ እንቅልፍ ሲጥላቸው በጥፊ ያነቃቸውን ረዳት፣ ሽንኩርት ጭነው ሲያለቅሱ የዋሉበትን ቀን። በየመሐሉ፣ "አለሁ!" ይላሉ። ከውስጥ አንዳንዴ፣ "እሺ" የሚል ይሰማል። እህቱ ከሥራ ስትገባ ይህን ሰምታ ከበሩ ላይ ቆማ ቀረች።

እየቆየ ወደ ክሊኒኩ አዳራሽ መሄድ ጀመረ። እዚያ እንደሱ ያሉ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው የቀን ኑሮ ይለማመዳሉ፤ እንዴት ሰላም እንደሚባል፣ ታክሲ ውስጥ ወራጅ እንዴት እንደሚባል፣ "ዛሬ ደህና አይደለሁም" እንዴት እንደሚባል። አንድ ቀን ተራው ደረሰና ሳሙና ሊገዛ ተነሣ። ባለሱቅ ሆና የተቀመጠችው ድሮ ሒሳብ ሠራተኛ የነበረች፣ እሷም ሕመምተኛ የሆነች ሴት ናት። ዓይኗን አይቶ፣ "አንድ ሳሙና ስጪኝ" አለ፣ በተማረው መሠረት።

"የለም" አለች። እንዲህ በይ አልተባለችም ነበር።

ተኳሹ ቆመ። ሁሉም ተጨነቁለት። "ታዲያ ሱቁን ለምን ከፈትሽው?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሲስተር ዕንባዋን ጠረገች። ቀልድ ከአፉ ሲወጣ ስንት ዓመቱ!

ሲስተር እትዬን አነጋገረቻቸው። እትዬ ትንሽ አንገራገሩ፤ ያ የተቃጠለ ሱሪ አልጠፋባቸውም። በመጨረሻ፣ "ካውያ ጋ አያስጠጉት እንጂ ይምጣ" አሉ። ከእንፋሎቱ ርቆ፣ በኋለኛው ክፍል አንሶላና ፎጣ ማጠፍ ሰጡት፤ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ። የድሮ ባልደረቦቹ ግማሹ ለቀዋል። የቀረው አንዱ ሲያየው እጁን ወደ ላይ አነሣ፤ ከዚያ አፈረና አወረደው። ተኳሹ አየውና፣ "አሁን አጣፊ ነኝ" አለው። የአንሶላ ጠርዝ ከጠርዝ ሲያገናኝ ግን ያው የድሮው እጅ ነበረ።

ከዓመት በላይ እንዲህ ሄደ። ድምፆቹ አልጠፉም። ሲስተርም ይጠፋሉ ብላ ዋሽታው አታውቅም፤ "እነሱ ይናገሩ፣ አንተ ሥራህን ሥራ" ነው የምትለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይባላል፤ የሱን ጆሮ ያህል ባዕድ የሆነ ግን የለም። እሱም ከባዕዱ ጋር መኖር እየለመደ ነበር።

አባትየው የሞቱት በርጩማቸው ላይ ነው።

ጠዋት ነበር። እህቱ ወደ መናኸሪያው ሄዳለች። እሱ ውስጥ ጨርቁን ይነክራል፣ እሳቸው ውጭ ስለ አንድ ቁልቁለት ያወሩለታል። "ፍሬን ብረግጥ እምቢ አለኝ። ማርሽ ቀነስኩ። አሁንም እምቢ። ረዳቴ ዘሎ ልውረድ አለኝ፣ እኔ ደግሞ ቁጭ በል አንተ..." አሉና ቆሙ።

ጠበቀ። የአባቱ ነገር እንዲህ ነው፤ ወሬው ሊጣፍጥ ሲል ትንሽ ያቆማሉ። ሳሙናው ክንዱ ላይ መድረቅ ጀመረ።

"አባዬ?"

መልስ የለም። ከባልዲው፣ ከረጋው ውሃ፣ ያ ድምፅ ጥርት ብሎ፣ በግልጽ፣ "ነግረንህ ነበር" አለው።

በሩን ሲከፍተው አባቱ ግድግዳውን ተደግፈዋል፤ ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቷል። ወዘወዛቸው። ሳሙና የነካው እጁ ሸሚዛቸው ላይ ታተመ። ልባቸው ነበር የቆመችው፤ ለብዙ ጊዜ ስትደክም የኖረች ልብ። ያን ግን ማን ይንገረው?

ከዚያ ያደረገውን ሁሉ በደንብ ነው ያደረገው። ሳሙናውን አለቀለቀ። ንጹሑን ሸሚዝ ለበሰ፣ ቁልፎቹን ሳያዛንፍ ቆለፈ፣ ጫማውን አሰረ። አውቶቡስ ተሳፈረ፣ ሒሳብ ከፈለ፣ ሲደርስ "ወራጅ" አለ። ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ተራውን ጠበቀ። ከዚያ እንደተማረው የተረኛውን ዓይን እያየ፣ ድምፁን ሳያንቀጠቅጥ፣ "አባቴን ገድያለሁ" አለ።

"ማነው ስምህ?"

ስሙን ተናገረ። "ተኳሹ ነው የሚሉኝ" ብሎ ጨመረ።

ተረኛው ከወንበሩ ተነሣ። "መሣሪያው የታለ?"

እህቱ በጎረቤት ስልክ ተጠርታ ስትመጣ አባቷ በርጩማው ላይ ነበሩ፤ ወንድሟ የለም። ሰፈሩ ደግሞ ወሬውን ከሷ በፊት አዳርሷል፤ "ተኳሹ አባቱን ገደለ!" አባቷን ለመቅበር ወዲህ፣ ወንድሟን ለመፈለግ ወዲያ ስትል፣ ልቅሶዋን እንኳ በወጉ አላለቀሰችም። የት እንዳለ ስታውቅ ሲስተርን ይዛ ጣቢያው ሄደች። "አባትየው በልብ ሕመም ነው የሞቱት፣ እሱ ሕመምተኛ ነው፣ መድኃኒቱን ስጡት" ብላ ሲስተር ብትለምን፣ "ራሱ አምኗል፤ የሆስፒታል ማስረጃ ይምጣ" አሉ። ማስረጃው እስኪመጣ አባትየው ተቀበሩ። ልጃቸው ቀብራቸው ላይ አልቆመም።

የታሰረበት ክፍል ጥግ ላይ ቧንቧ ነበር። ያንጠባጥባል።

ማስረጃው መጥቶ ሲለቁት እህቱ አላወቀችውም። ከሸሚዙ ጨርቅ እየቀደደ ጆሮው ውስጥ ጠቅጥቆ ነበር፤ አንዱ ጆሮው ይደማል። "አንቺንም እንዳልገድልሽ፣ አትጠጊኝ" ነው ያላት። ከጣቢያው ወደ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ብዙ ወራት ተኛ። ሲመለስ ከስቷል፣ ከመድኃኒቱ የተነሣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ምራቁ ባገጩ ይወርዳል። የጓሮዋ ክፍል ገባ። ጋዜጣው መስኮቱ ላይ ተመልሶ ተለጠፈ።

ሲስተር መጥታ ከደጅ ተቀመጠች። ጫማዋ አሁንም ይጠባት ነበር፤ አወራችለት። እህቱ ግን፣ "ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ያ ሁሉ ልፋት ለዚህ ነበር?" አለቻት።

"አላውቅም" አለች ሲስተር። "እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልዋሽሽም። ግን አንዴ የሠራ እጅ መንገዱን ጨርሶ አይረሳም።"

ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው የከፋ ነበር። ያኔ ፍርሃት ነበር፤ አሁን ማስረጃ አለው። ሲስተር፣ "ያን ሁሉ ጊዜ ታጥበህ ማን ሞተ? ውሃው ስንቴ ዋሸህ?" ትለዋለች።

"አንዴ አልዋሸም" ይላታል።

ሽማግሌ እንደሚሞት፣ ልብ እንደሚደክም ትነግረዋለች፣ ሐኪሙ የጻፈውን ታነብለታለች። ይሰማል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ አይታጠብም። እህቱ በርጩማውን ከዚያ ቦታ አንስታ ለጎረቤት ሰጠችው። እሷ እዚያ ተቀምጣ ማውራት እንደማይሆን ገብቷታል፤ ድምፅዋ አንድ ቀን ቢቋረጥስ?

በኋላ የሠራላቸውን መንገድ ያገኙት በመለማመድ ብዛት ነው። ማንም በሌለበት፣ እህቱ ሥራ ላይ ሳለች፣ እርጥብ ፎጣ ብቻ። ፎጣው ከዋዜማው ተጨምቆ ይሰቀልለታል። ገላውን ይጠርግበታል፤ ሲጨርስ ወደ መናኸሪያው ስልክ ይደውላል። "ደህና ነሽ?" ይላል። "ደህና ነኝ" ትላለች፣ ትኬት ፈላጊው በመስኮቱ እየጮኸባት። ይዘጋል። ይኸው ነው። አለቃዋ መጀመሪያ ተቆጣት፤ ስታስረዳው ፈቀደ።

አንድ ቀን ሲስተርን፣ "እኔ እንዳልገደልኩት አንዱ ጆሮዬ ያምናል" አላት። "ሌላውስ?" ብትለው፣ "ሌላው የነሱ ነው" አለ።

እትዬ ቦታውን ለሌላ አልሰጡበትም ነበር። ወደ ላውንደሪው ተመለሰ፤ እንደ በፊቱ በየቀኑ አይደለም፤ የቻለ ቀን። ያልቻለ ቀን እንዲህ ብሎ ይነግራቸዋል፤ "እትዬ፣ ዛሬ ደህና አይደለሁም፣ ነገ አያለሁ።" እሳቸው፣ "ሂድ በቃ" ይላሉ። መንገድ ላይ የሚያውቁት ሰዎች ልጃቸውን ወደነሱ ሳብ ያደርጋሉ። ወሬው በልብ ሕመም የሞተ ሰው ታሪክ ሆኖ አልታረመም፤ የወሬ እርማት ማን ያደርሳል? እህቱ አላገባችም። እሷን የጠየቀ ሰውም ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ባለፈው ብርድ ወራት እህቱ ኃይለኛ ጉንፋን ያዛትና ከአልጋ መነሣት አቃታት። ተኳሹ ሩዝ ቀቀለላት፤ ግማሹ ድስቱ ላይ ተጣበቀ። ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አስቀምጦ እስክትበላ ቆሞ አያት። ስትበላ ሳይሆን ስትተነፍስ ነበር የሚያየው፤ ገብቷታል።

"ሂድ፣ ሥራ ይረፍድብሃል" አለችው።

"ዛሬ እቀራለሁ።"

"እኔን እያየህ ብትውል አይሻለኝም። ሂድ ስልህ።"

ሸሚዙን ለብሶ ሄደ። እትዬ እንዳሉት ያን ቀን አንሶላውን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ አጥፏል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ለማንም ሳይናገር ወጣ። ቤት ደርሶ በሩን ሲከፍተው ክፍሉ ጸጥ ብሏል፤ እህቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፣ ብርድ ልብሱ አይንቀሳቀስም። ሊጠራት ፈራ። ደጃፉ ላይ፣ እጁ እጀታውን እንደያዘ፣ ቆሞ ቀረ። መንገዱ ላይ መኪና አለፈ፤ ሌላም አለፈ።

ከዚያ ሳለች። ደረቅ፣ ረጅም ሳል።

ጫማውን አወለቀና ገባ።